የተደበቀች ሽጉጥና የአያ ደርሶ በርጩማ

መሣሪያ የሚያዘው እንዲታይ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። እኛ ጎንደር በኩል ጠመንጃ ያለው ሰው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ገበያ ይወጣ ነበር፤ እርስዎም ከሩቅ ያዩትና ሰላምታዎን አሳምረው ያልፋሉ። ሰው ቤት ሲደርስ ደግሞ ለባለቤቱ ያስረክባል፣ ወይም በሩ ሥር አስደግፎ ይገባል፤ ሲወጣ ያነሣል። መሣሪያ ደብቆ ሰው ቤት የሚገባ ሽፍታ ነው፣ ወይም ደም የሚፈልግ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ብዙ ጠመንጃ አልነበረንም፤ ነገር ግን የነበራቸው ሰዎች ሲሰበርባቸው የሚያመጡት እኛ ዘንድ ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ ነበርና በልጅነቴ ወናፍ እየነፋሁ ስንቱን ቃታ ሲያበጅ አይቻለሁ። ስለዚህ መሣሪያ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ይህን ባይነቴን ያዝ ያድርጉልኝ፤ በኋላ ያሳፍረኛል።

ኢየሩሳሌም በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ሄድኩና ክው አልኩ። ከፊቴ ጎንበስ ብሎ ቲማቲም የሚመርጥ ወፍራም ሰውዬ ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ከወገቡ የሽጉጥ እጀታ ብቅ ብሏል። ደመኛውን ሊጠብቅ የመጣ መስሎኝ ዘንቢሌን ጥዬ ሸሸሁ። ጥግ ይዤ ባየው ባየው ግን ሰውዬው ከቲማቲሙ ሌላ ጠላት የለውም፤ እየጨመቀ ይመልሰዋል። ዘወር ስል ደግሞ ገና አፍላ የሆነች ወታደር ጠመንጃ አንግታ አይስክሬም ትልሳለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። አፌን ከፍቼ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዓመታት አለፉና ለእኔም ወግ ደረሰኝ። ከኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆንኩ። ጊዜው መጥፎ ነበር፤ ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ ጀርባውን ለግንብ ሰጥቶ የሚቆምበት ጊዜ። ፈራሁ፤ ምን እደብቅዎታለሁ። ሪሽዮን የሚሉትን የመሣሪያ ፈቃድ አወጣሁና በየቀኑ ኪሴ የምትውል፣ ማንም የማያያት፣ ደግሞም የማትከሽፍ ትንሽ ሽጉጥ ፍለጋ ገባሁ።

ሚስቴን እንኳ እንደዚያ አድርጌ አልመረጥኩም። አንዷ ከማነሷ የተነሣ ከመዳፌ ትሾልካለች። አንዷ ትታመናለች ይሏታል፤ ግን ኪሴን ድንች የያዝኩ አስመስላ ትነፋዋለች። ሌላዋ ቃታዋ ከመክበዱ የተነሣ እስክስባት ድረስ ጠላቴ ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይበላል። ሻጩ ታጋሽ ሽማግሌ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ስመላለስበት ፊቱን አላጠቆረብኝም። በመጨረሻ ተኩስ መለማመጃው ድረስ ወስዶ አንዲቱን ደጋግሞ አስተኮሰኝ። አንድም ጊዜ አልከሸፈችም። ወሰድኳት።

«የቆዳ አፎት ግዛላት፤ እዚያ ኪስ ውስጥ ሌላ ነገር አትክተት፤ ጥይት አጉርሰህም አትዙር» አለኝ ስወጣ። የቀጥቃጭ ልጅ እንዲህ ይመከራል? አፎቱን የምን ቅንጦት ነው ብዬ ተውኩት። ጥይቱንም አጎረስኳት፤ እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይጠብቀኛል ብዬ። ኪሴ ውስጥ ከእሷ ሌላ የቤት ቁልፍና በሥራ ሰዓት የምፈለፍለው ጨው የነካው የሱፍ ፍሬ ነበር። እሱንስ የት ላድርገው?

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ የደምቢያ ሰው የሆኑ አንድ መነኩሴ ነበሩ። እኔ መስቀላቸውን አልሳለምም፣ እሳቸውም አያቀርቡልኝም፤ ሰላምታችን የደምቢያ ዝናብ ነበር። ዘነበ አሉ፣ አልዘነበም አሉ እንባባላለን። ሽጉጧን በያዝኩ በሦስተኛው ቀን ግን ዝናቡን ትተው፣ «ልጄ፣ ምን አገኘህ? ወደ ቀኝ ዘምመሃል» አሉኝ። ወገቤን አሞኝ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት በሌላ መንገድ ዞርኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእህቴ ልጅ ያልጋነሽ የምትባል ልጃገረድ ወደደ። አባቱን ሱዳን በረሃ ላይ ቀብረን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ሽማግሌ የሚልክለት የለውም። የልጅቱ አባት አያ ደርሶ ደግሞ አስቸጋሪ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ የመጡባቸውን ሽማግሌዎች ከደጅ መልሰዋል፤ አንዴ እምቢ ካሉ አይለመኑም። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ሳምንት ሙሉ እህል በወጉ አልቀመሰም። «ጋሼ፣ አደራ» ብቻ ነበር የሚለኝ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አራተኛ ፎቅ ወጣን። በሩን አልፈን እንደገባን ግድግዳው ሥር ባዶ በርጩማ አለ። ልቀመጥበት ስል አያ ደርሶ ወደ ሶፋው አሳዩኝ። እኔ ከሦስታችን ታናሽ ስለነበርኩ አስቀድሜ እንደ ሥርዓታችን ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

ቋ አለ።

ሽጉጧ በአያ ደርሶ እግር መካከል ተጋድማለች፤ አፏ ወደ ተረከዛቸው ነው። የሱፍ ፍሬው ክፍሉን ሞላው። እኔ እንደጎነበስኩ ቀረሁ፤ ብቀና ሰው ማየት ሊኖርብኝ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ልጅ ልንለምን ነው የመጣነው ወይስ ልንዘርፍ?» ሲል ሰማሁት።

ከጓዳ ያልጋነሽ ወጣች። ለሰንበት ፈቃድ መጥታ ገና የወታደር ልብሷን አላወለቀችም። አዲስ ምልምሎችን ተኩስ ታለማምዳለች፤ አባቷ ግን ለሰው ሁሉ የሚነግሩት አማርኛዋ መሸርሸሩን ብቻ ነበር። «ረጋ፣ ማንም አይንካ» አለች፤ ረጋ ቆዩ ማለቷ ነው። ተንበረከከችና የሽጉጧን አፍ ወደ ግድግዳ አዙራ አነሣቻት። የጥይት ካዝናውን መዘዘች። ላይኛውን ብረት ስትስበው የጎረሰችው ጥይት ዘልላ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። አያ ደርሶ እግራቸውን ሰበሰቡ። ልጅቱ ገና አልጨረሰችም፤ በጥፍሯ ከመምቻው ሥር አንዲት የሱፍ ልጣጭ ጎልጉላ አወጣችና አሳየችኝ።

«ዶድ» አለችኝ፤ አጎቴ ማለት ነው። «ጥይት ውስጥ ነበረ፣ ወደቀ። ይህ ልጣጭ እዚህ ባይገባ የአባቴ እግር የለም።»

ያስቡት እስቲ። የማትከሽፍ ሽጉጥ ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ተንከራትቼ፣ የሰውየውን እግር ያተረፈው በእኔ ዝርክርክነት መክሸፏ ነው። ዛሬም ሲታወሰኝ ብርድ ብርድ ይለኛል።

ያልጋነሽ ባዶዋን ሽጉጥ ወስዳ በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። «ጻባ ውስጥ እንዲህ ነው» አለች፤ ሠራዊቱን ማለቷ ነው። «በር ላይ አሸዋ ያለው በርሜል አለ። ከውጭ ትመጣለህ፣ እዚያ ባዶ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ትገባለህ። ትንሽም፣ አለቃም።»

አያ ደርሶ ወደ እኔ ዞሩ። «ከበሩ ስትገባ አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ወደ ቀኝ ዘምመህ ነው የገባኸው። ዘንድሮ ያልታጠቀ የለም ብዬ በርጩማውን እዚያ ያኖርኩት ለዚሁ ነበር። ያስቀምጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ አላስቀመጥክም። ደብቆ ለገባ ሰው ልጄን አልሰጥም ብዬ ገና ሳትቀመጡ ቆርጫለሁ።»

የልጁ ፊት ድቅን አለብኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በእሱ አይሁን» አልኩ።

እሳቸው ግን የሚያዩት በርጩማውን፣ ከዚያም ልጃቸውን ነበር። «አለቃውም ነው ባዶ የሚያደርገው?» አሏት።

«አለቃውም።»

«እኔ ደግሞ እነዚህ ወታደሮች ሥርዓቱን አስረሷት እያልኩ ሳማቸው ኖርኩ» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ሥርዓት የምታውቀው እሷ ናት። መልሱን እሷ ትስጣችሁ።»

ሦስታችንም ወደ ልጅቱ ዞርን። ሽማግሌ ሆኜ የሃያ ዓመት ልጅ ቃል እንደዚያ ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው። ወለሉን አየች፣ እኔን አየች።

«መጀመሪያ ዶድ ይጥረግ» አለች።

ጠረግሁ። ከሶፋው ሥር ሳይቀር፣ በጉልበቴ እየዳህሁ፣ ፍሬ በፍሬ። ስጨርስ እሺ አለች።

ሽጉጧ አሁን ቤቴ ተቆልፎባት ተቀምጣለች፤ አፎትም ገዝቼላታለሁ። በሚቀጥለው ሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ መነኩሴው፣ «ዛሬስ ቀጥ ብለሃል» አሉኝ። ወገቤ ተሻለኝ አልኳቸው። ፍርሃቱስ አልተሻለኝም፤ አውቶቡስ ስጠብቅ አሁንም ጀርባዬን ለግንብ እሰጣለሁ፣ እጄም ሳላዛት ኪሴን ትዳብሳለች። የምታገኘው የሱፍ ፍሬ ነው። ያንኑ እየፈለፈልኩ አውቶቡሱን እጠብቃለሁ።