የኢቡ ዋጊየም ምላስ

ሁሉን ቀምሶ ሁሉን የሚነቅፍ ሰው የሌለበት ሰፈር በጃቫ ምድር አይገኝም። የእኛ የሶሎ ከተማ ሰዎች ክብርት ነቃፊ ኢቡ፣ ማለትም እማማ፣ ዋጊየም ናቸው። በጓሮ በር ይገቡና ሰላምታውን ሳይጨርሱ የድስት ክዳን ያነሳሉ። በጭልፋ አንዴ ፉት ብለው ይፈርዳሉ፤ "ልጄ፣ ይሄ አትክልት ምን በድሎሽ ነው?"

ከፍርዳቸው ያመለጠ የለም። የኢማሙን ሚስት የኮኮናት ወተት ወጥ "የእግር መታጠቢያ" ብለውታል። አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ሙሽራዋ ፊት ሳህናቸውን አሽትተው "ይሄ ዶሮ የሞተው በእርጅና ነው" ሲሉ፣ የሙሽራው አባት ውሃ ትን አለው። ባለቤቴ ላስሚናህ ብቻ ትስቅ ነበር። "እየተሳደቡ ሦስት ሳህን የሚጨርሱ እሳቸው ናቸው" ትለኛለች።

በዝናቡ ወራት ላስሚናህን ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ሰፈሩ ሰባት ቀን አብሮኝ ጸለየ፣ ሩዝ አመጣ። በስምንተኛው ቀን ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር እንቁላል እንኳ ጠብሼ የማላውቅ ሰውዬ ምድጃው ፊት ቆምኩ። ሩዙን አሳረርኩት። ቴምፔውን፣ እሷ አኩሪ አተር አብላልታ ትሠራው የነበረውን፣ ውጩን አክስዬ ውስጡን ጥሬ አስቀረሁት። ብቅ ያሉት ጎረቤቶች እየቀመሱ "ይጣፍጣል! ጎበዝ!" አሉኝ። ከጭሱ የባሰ ያቃጠለኝ ይህ ሐዘኔታ ነበር። ከዚያ ወዲያ እየሠራሁ እደፋው ጀመርኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኢቡ ዋጊየም ገቡ። ቀመሱ። ተፉት።

"አንተ ቱጊማን፣ ይሄን የሠራኸው ለራስህ ነው ለጠላትህ?"

"ይተዉኝ እትዬ። ለአንድ ሰው ብሎ ማን ይለፋል?"

"አንድ ሰው ሆድ የለውም? ተነስ! ቃሪያውን ውቀጥ!"

እየወቀጥኩ አለቀስኩ፤ በቃሪያው አሳበብኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሩዝ ያጥባሉ።

"ባሌ የሞተ ጊዜ" አሉ ሳይዞሩ፣ "አርባ ቀን ባዶ ሩዝ በላሁ። ሁሉም 'አይዞሽ' ይለኛል። ማንም ግን 'ምን በላሽ?' አላለኝም።"

ምግቡ ሲቀርብ ራበኝ። እሷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አፈርኩ። ግን በላሁ።

ኢቡ ዋጊየምም ምንጣፉ ላይ የላስሚናህን ቦታ ባዶ ትተው፣ በር ሥር ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተቀምጠው አብረውኝ በሉ።