ከሐኪም ጋር በጣት የተከራከርኩ ቀን

ወገን፣ ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ! ከሐኪም ጋር በጣት ብዛት ተከራክሬ መጣሁላችሁ። አዎ፣ በጣት!

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ባለፈው ክረምት ስትሮክ ጎብኝቶኝ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። እግሬ ተመለሰ፣ ምላሴም ተመለሰ። (ምላሱ ቢቀርለት ይሻል ነበር የምትሉ ደንበኞቼ፣ ሰምቻችኋለሁ!)

መኪናዬንም መንዳት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ ገበያ ወርጄ ገብስና ባቄላ ጭኜ እመለሳለሁ። የምበላው ከዚሁ መንገድ ነው።

ችግሩ ባለቤቴ የሺ ናት። ከታመምኩ ወዲህ «አብሬህ ካልሄድኩ» አለች። መኪና ደግሞ አይስማማትም፤ የአንኮበርን ጠመዝማዛ እስክንጨርስ ግማሽ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ነው የምትሄደው።

ያም ሆኖ ዝም አትልም!

«በግ!» «ጋሪ!» «ኧረ ሴትዮዋን!»

እኔም ለጓደኞቼ «ጋቢና ውስጥ ትራፊክ ፖሊስ አስቀምጫለሁ» እያልኩ አስቅ ነበር። እዚሁ ፖስት አድርጌዋለሁ። ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ተባባሪዎቼ ናችሁ!

ዛሬ መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ለጤና ምርመራ ሄድን። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እስከ ታች ልቅም አድርጌ አነበብኩት። ልነሳ ስል ዶክተሩ መልሶ አስቀመጠኝ። ልጅ እግር ነው፣ ግን አይቸኩልም።

«ስትሮክ ለነበረበት ሰው ይህ ብቻ አይበቃም፣ ጋሼ። አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ። ጣቴ በጎን ሲንቀሳቀስ ይንገሩኝ።»

አፍንጫውን ተመለከትኩ። (ደህና አፍንጫ ነው።)

በግራ አንቀሳቀሰ፣ ነገርኩት። ከዚያ ጣቱ ዳግም እስኪንቀሳቀስ ጠበቅኩ።

«በቀኝ!» አለች የሺ በሩ አጠገብ ከተቀመጠችበት።

«በቀኝ!» አልኩ እኔ።

ዶክተሩ «የሚመረመረው ማነው?» ብሎ በትህትና አስወጣት።

«አሁንም አፍንጫዬን እያዩ፣ ስንት ጣት ይታይዎታል?»

እንግዲህ ነጋዴ ነኝ። ዋጋውን ለማላውቀው ነገር መሃሉን እጠራለሁ።

«ሦስት።»

አልተስማማም።

«እሺ፣ ሁለት ይሁን።»

አሁንም አልተስማማም!

«አራት! የመጨረሻ! ከዚህ በላይ አልጨምርም!»

«ጋሼ» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «እጄን ራሱ አላዩትም አይደል?»

በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

አስረዳኝ። ዓይኖቼ ደህና ናቸው፤ በቀኝ በኩል ያለውን የማይቀበለው ስትሮኩ የነካው አንጎሌ ነው። ደግሞ ጨለማ ሆኖ አይታይም። ሰውዬው ሁሉንም ያየ ይመስለዋል።

መስሎኝ ነበራ!

የሺን መልሶ ጠራት። «እትዬ፣ ሲነዱ አጠገባቸው ይቀመጣሉ?»

«ከታመመ ወዲህ ብቻውን ለቅቄው አላውቅም።»

ያኔ ገባኝ። በጉን፣ ጋሪውን፣ ሴትዮዋን፣ አንዳቸውንም እኔ አላየሁም ነበር።

«እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?» አልኳት።

«ዝም? ድምፄ እስኪዘጋ ስጮህ አልነበር?!»

ቀጥላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቤት ስትውል ግድግዳ ላይ ታፈጣለህ። መሪ ስትይዝ ታፏጫለህ። እንዴት አድርጌ ልከልክልህ?»

እኔ ግን አሁንም መከራከሬን አልተውኩም። «ዶክተር፣ ከሷ ጋር ከሆነስ? አራት ዓይን አለን እኮ!»

መልሱን የሰጠችው የሺ ናት።

«ባለፈው ገበያ ሎሚው ወድቆብኝ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል አንድ ልጅ በቀኝህ ለጥቂት ተረፈ። አንተ እያፏጨህ ነበር።»



ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ያለምንም ክርክር! ዶክተሩ ወደፊት ደግሞ ያየኛል፤ እስከዚያ ግን መሪ አልነካም። ሾፌር እንቀጥራለን፣ ባቄላውም ይመጣል።

በስትሮክ ያለፋችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ «ደህና ነኝ» ብላችሁ መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ተመርመሩ። እኔም ደህና ነበርኩ!

የቀራችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ሚስታችሁ ጮኻባችኋለች? ከመናደዳችሁ በፊት እስቲ ምን እንዳየች ጠይቃችኋታል?