አባ ፋይል ሁለቱን ብልቃጦች አንድ ያደረጉበት ዘመቻ

ከመዝገብ ቤት በክብር በተሰናበቱ በአራተኛው ዓመት፣ የጤና መድን ካርዳቸው በታደሰ በሦስተኛው ወር፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ዐቃቤ መዛግብት፣ ፈታሔ ክላሰር፣ ቀዋሜ ወረፋ የሆኑት ጡረተኛው አባ ፋይል ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ከባለቤታቸው አንገት ሥር እብጠት ተገኝቶ፣ ሐኪሙም ቆርጦ ቢያወጣው አንድ ብልቃጥ አልበቃው ብሎ በሁለት ተከፍሎ ወደ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ወረደ። ላብራቶሪውም መርምሮ፣ ጽፎ፣ በፖስታ ካሸገ በኋላ የመድን ማረጋገጫ ካልመጣ ውጤቱን አልሰጥም አለ። የመድን ቤቱም በመስኮቱ ላይ እንዲህ የሚል አዋጅ ለጥፎ ነበር፦

«በአንድ ማዘዣ የሚሸፈነው አንድ ምርመራ ነው። ብልቃጥ ሁለት ከሆነ ምርመራው ሁለት ነው። ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ሁለት የተመረመረ፣ አንዱም አይሸፈንለትም።»

አባ ፋይል ይህን ሰምተው እጅግ ተቆጡ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከቁጣቸው ፍርሃታቸው ይበልጥ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም፤ ስለ ደንቡ ሲሟገቱ ብቻ ስለ እብጠቱ ማሰቡ ለጊዜው ይቀርላቸዋል።

ከእርሳቸውም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ ከፊት፣ መኪናውን የት እንደሚያቆም የተጨነቀው ባለታክሲ አማቻቸው፤ በቀኝ የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ የተሰጣቸው ጎረቤታቸው ጡረተኛዋ ነርስ፤ በግራ ማዘዣው በአራት ኮፒ፣ መታወቂያው በአራት ኮፒ፣ የኮፒውም ኮፒ፤ ከኋላም ቤት ቅሪ ቢባሉ እንቢ ያሉት ባለቤታቸው፣ አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለው።

ከመስኮት አንድ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሰባት፣ ከሰባትም መልሰው ወደ አንድ ቢሰዷቸው፣ አባ ፋይል ሳይበገሩ ከመድን ሹሙ ፊት ደረሱ። ሹሙም ብልቃጡ ሁለት መሆኑን በእስክሪብቶ እየጠቆመ ወረቀቱን ገፋ። ያን ጊዜ አባ ፋይል ከሹሙ ጀርባ ያለውን መደርደሪያ አይተው፣ ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ልጄ ሆይ፣ ከኋላህ የአንድ ደንበኛ ፋይል ወፍሮ በሁለት ክላሰር ተቀምጧል፤ ቅጽ አንድ፣ ቅጽ ሁለት። ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ደንበኛው ሁለት ሰው ሆነ ልትል ነው? የሚስቴም እብጠት አንድ ነው፤ የበዛው ማስቀመጫው ነው።»

ሹሙም ዞር ብሎ ፋይሉን አየ፤ በክላሰር መካከል ያረጀ ሰው ነበርና የገፋውን ወረቀት መልሶ ሳበው። በማዘዣው ጥግ «ቅጽ ፩ እና ፪» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታ።

ፖስታውም ከላብራቶሪው ወጣ። ነገር ግን ሹም የረታው እጅ ፖስታ መክፈት አቃተው። ባለቤታቸው ተቀብለው ቀደዱት፣ ነርሷም አንብበው በጆሯቸው ነገሯቸው፤ ባለቤታቸውም ወደ አባ ፋይል ዞረው በኮሪደሩ መካከል የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ካንሰር አይደለም። በል አሁን ቁጭ በል፣ እግርህ አብጧል።»

አባ ፋይልም በአግዳሚው ላይ ተቀምጠው በሰው ፊት አለቀሱ። ይህም ከድላቸው በላይ በዜናቸው ይጻፍ፤ ማኅተም ያስመታ ጀግና ብዙ ነው፣ እንደ እርሳቸው ለሚስቱ የፈራ ግን በዘመኑ አልተገኘም።