የተረጋጋው ሰው አንጎል

እምቢ ማለት የማይችል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ሰፈራችን ኢስትሊ ኑና እኔን እዩኝ። ይሉኝታ ሊገድለኝ ነው።

የጎረቤቴ የወይዘሮ አልማዝ ልጅ ሄለን ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጎልና ነርቭ ታጠናለች። "ጋሼ፣ ለጥናቴ ሰው አነሰኝ። በፈቃድ ነው፤ ካልፈለጉ ኖ ይበሉኝ" አለችኝ። እንዴት አድርጌ? ታምሜ ስተኛ እናቷ አይደለች ሾርባ ያመላለሰችልኝ?

ፈረምኩ። ወረቀቱ "በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ" ይላል። ይህ የተጻፈው ሾርባ ላልጠጣ ሰው ነው።

ሽቦ የበዛበትን ቆብ አጠለቀችልኝ። ቢነዝረኝስ? ይባስ ብሎ ሐሳቤን ቢያነብስ? ሾርባው ጨው እንደበዛበት ስክሪኑ ላይ ቢያወጣውስ? ስለ ጨው ላለማሰብ ስታገል ከጨው ሌላ ማሰብ አቃተኝ። ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች እንደ ማታቱ ሚኒባስ እየተጋፉ ይሮጣሉ።

"ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ፈሩ እንዴ ጋሼ?"

"ኧረ ምን በወጣኝ!" አልኩ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ።

ሲያልቅ የእኔ አንጎል ምን እንደሚጠቅማት ጠየቅኳት።

"ጭንቀት ያለባቸውን ሰዎች ከእርስዎ ጋር አነጻጽራለሁ። እርስዎ ኖርማሉ፣ የተረጋጉት ሰው ነዎት። አልፈራሁም ብለውኝ የለ?"

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ደስታዋን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ፍርሃት እንቅልፍ ነስቷችሁ አንጎላችሁን ለመታየት ከሄዳችሁ፣ የምትለኩት በእኔ ነው። "ምንም የለብህም" ተብላችሁ ስትሸኙ እግዜር ይሁናችሁ።