የኡባልዶ ሲማንካ አምስት ሺህ ዋት

ንዌጥን ጽሒፈ ዜናሁ ለኡባልዶ ሲማንካ፣ የባራንኪያ ከተማ አንበሳ፣ የሬቦሎ ሰፈር ግርማ፣ የበረንዳው ፊታውራሪ። የጣራቸው ቆርቆሮ በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ በካርኒቫሉ በዓል የተበተነው ዱቄት ከፀጉር ታጥቦ ባላለቀበት ወራት፣ የልጃቸው የዩራኒስ አሥራ አምስተኛ ልደት ደረሰ። አባትና ልጅ በጎረቤት ሁሉ ፊት ዋልስ የሚደንሱበት ቀን ነውና፣ ዋልሱ በእትዬ ኒኮላሳ ጭፈራ ተውጦ ልጅቱ እንዳታፍር ኡባልዶ እጅግ ሰጉ። እኒህ እትዬ ኒኮላሳ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ፣ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ስፒከሮች ያሏቸው፣ ቅዳሜን ሁሉ የሚያንቀጠቅጡ መበለት ናቸው።

ስለዚህም ኡባልዶ ወደ ገበያ ዘምተው፣ ካርቶኑ ላይ «5000 ዋት» የተጻፈበትን አምፕሊፋየር ማርከው ተመለሱ፤ የሚስታቸው ወንድም አማውሪ ገመዱን፣ አክስቶች የፕላስቲክ ወንበሩን፣ የዶሚኖ ማኅበርተኞች የቢራውን በረዶ፣ ማንም ያልጠራው ውሻ ጅራቱን ይዘው ተከተሏቸው። ካርቶኑንም በረንዳው ላይ ሰቅለው አወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ከዛሬ ወዲያ እዚህ ሰፈር የሚሰማው የኔ ሙዚቃ ብቻ ነው! መስታወት ያለው መስታወቱን ይያዝ፣ ዶሮ ያለው ዶሮውን ያስገባ!»

ወእምዝ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞሩት። ድምፅም ወጣ፤ አጥሩን ግን አልተሻገረም። እትዬ ኒኮላሳም የራሳቸውን አስጓርተው፣ ዝቅ አድርገው፣ አወጁ፦

«አንተ ኡባልዶ! የኔ ስልሳ ዋት ነው፤ አምስት ሺህ ያልከው ትንኝ ነው እንዴ? እስቲ ትንሽ ያፏጭልኝ!»

ሠራዊቱ ተሸበረ። አማውሪ ሶኬቱን፣ አክስቶች ክፉ ዓይንን ከሰሱ። ኡባልዶ ግን የላላ ገመድ ሊፈልጉ ከማሽኑ ጀርባ ተንበርክከው፣ በላብ ተጠምቀው፣ ካርቶኑ የደበቀውን ጽሕፈት አነበቡ፤ ከሶኬት የሚወስደው ሃምሳ ዋት። ሃምሳ የሚጠጣ አምስት ሺህ ከየት አምጥቶ ይተፋል? ከሥሩም በቁንጫ ፊደል፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው፣ የግራና የቀኝ ስፒከሩ ተደምሮ፣ ሠላሳ ይላል። አምስት ሺሁ ለዓይን ቅጽበት እንኳ የማይበቃ የፋብሪካ ፉከራ ነበር። እንግዶች እየገቡ ነው፤ ዩራኒስም ሮዝ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች።

ሌላ ሰው ቢሆን መብራት ኃይልን ይራገም ነበር። ኃያሉ ግን ወንበር ላይ ወጥተው አወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! አምስት ሺህ ያልኳችሁ ሠላሳ ነው! ካርቶኑ እኔን ዋሸኝ፣ እኔ እናንተን ዋሸኋችሁ! እትዬ ኒኮላሳ፣ የርስዎ ስልሳ የእውነት ስልሳ ነው፤ ባክዎን ልጄን በርስዎ ስፒከር ያስደንሱልኝ!»

መበለቲቱም መለሱ፦

«መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም ነበር? ልጅቷን አውጣት! ሸሚዝህንም ሱሪህ ውስጥ ክተት!»

ያን ጊዜ ዋልሱ እስከ ከተማው ወንዝ ድረስ ተሰማ። ኡባልዶ ቀሚሱን ደጋግመው ረገጡት፤ ልጅቱም እየሳቀች አለቀሰች፣ አንገታቸውም ላይ ተጠመጠመች።

ኦ ኃያል! ሌሎች ነገሥታት ግዛት በመጨመር ይወደሳሉ፤ ኡባልዶ ግን አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዋት በአንድ ቀትር ለቀው ልጃቸውን በክብር አስደነሱ። ስማቸው በሬቦሎ እስከ ልጅ ልጅ «ኡባልዶ ሠላሳ» ይባል፤ ክብርም ለሠላሳው ይሁን፣ እያንዳንዱ ዋት እውነት ነበርና።