የእመት መቀስ ፖስታዎች

ሰላም ስትሉት ጤናችሁን ሳይሆን ናሙናችሁን የሚጠይቅ ሊቅ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። በአንድ ቤተ ሙከራ ረዳት የሆነው ላቦራንት ግን የባሰው ነው የደረሰው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክብርት እመት መቀስን አገልግሏል። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸውም እሱ ነው። ፊታቸው ላይ ግን «ዶክተር» ነው የሚላቸው፤ እንጀራ ነዋ!

እመት መቀስ የሚያጠኑት ከቀለም፣ ከባትሪና ከፋብሪካ ጭስ የሚወጣው እርሳስ የሚባለው ብረት የሕፃናትን አንጎል እንዴት እንደሚጎዳ ነው። የተጎዳውስ አንጎል ይድን ይሆን? ይህንንም ሠላሳ ዓመት ጠይቀው መልሱን አላገኙም። ለጥናቱ ከሰው ሁሉ አንዳንድ ዘለላ ጸጉር ይፈልጋሉ። «ደም ይረሳል፤ ጸጉር አይረሳም» ሲሉ የሰማ ሰው ቶሎ ራሱን መሸፈን አለበት፤ መቀሷ ከኪሳቸው ወጥታለችና።

ላቦራንቱ ሲያገባ ሙሽራዋን እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ሳሟትና ከጆሮዋ ኋላ አንዲት ዘለላ ቆርጠው ሄዱ። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ቢጠይቃቸው «ቀኑን ሙሉ እዚህ ጭስ ውስጥ ነው የምትቆመው? በል ቆብህን አውልቅ!» አሉት። አወለቀ። ጎረቤቶቻቸው መተተኛ ናቸው ብለው ሁለት ዓመት አኩርፈዋቸው ነበር። ኋላ በዚያው ጸጉር ማስረጃነት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የነበረው የባትሪ ማቅለጫ ሲነሣ ግን ልጆቻቸውን አሰልፈው መጡ።

ላቦራንቱማ በየዓመቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አንገቱን ይደፋል። መመለጥ ከጀመረ ወዲህ «ዶክተር፣ ኧረ ይተዉልኝ፤ የቀረችኝ ይቺው ናት» ብሎ ይለምናል።

«ለሳይንስ ነው። ደግሞስ ማን ያይሃል?»

ሥራው ምሕረት የለውም። ከየፖስታው የሚወጣው ጸጉር ይታጠባል፣ ይመዘናል፣ አሲድ ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያ ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ይቀራል፤ ጸጉሩ ግን አይመለስም። ሳይለካ የተረሳ ፖስታ ካለ እመት መቀስ ምሳ አይበሉም፤ ላቦራንቱንም አያስበሉም።

ጡረታ በሚወጡበት ቀን መሳቢያቸውን ሲያጸዳ ከሥር አንድ የወየበ ፖስታ አገኘ። በእጅ ጽሑፋቸው «አይለካም» ይላል። ደስታው ልክ አልነበረውም።

«ዶክተር፣ ዛሬስ ተያዙ! ይቺ ሳትለካ ስንት ዘመኗ ነው?»

እመት መቀስ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የታናሽ ወንድሜ ናት» አሉ። «አባታችን ጓሮ ውስጥ አሮጌ ባትሪ ያቀልጥ ነበር። ልጁ እሳት ማየት ይወድ ስለነበር አዝዬ እወስደዋለሁ። ስድስት ዓመት ሲሞላው ያንቀጠቅጠው ጀመር። እትዬ ነበር የሚለኝ፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሆንኩም አላወቀ። በዐሥር ዓመቱ ሞተ።»

ላቦራንቱ ፖስታውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ይቺን እናቴ የቆረጠችው ከመታመሙ በፊት ነው። ብትለካ፣ ያኔውኑ መርዙ ገብቶበት እንደነበር፣ ያስገባሁበትም እኔው አዝዬ ስወስደው እንደሆነ ትነግረኛለች። ግን ከለካኋት አትኖርም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማወቅ ፈልጌ ናፍቆቱ አሸነፈኝ። እትዬ ይለኝ ከነበረው ልጅ የቀረኝ ይቺው ናት።»

ላቦራንቱ ከነገ ጀምሮ ጸጉሩን የሚከታተልበት ሰው እንደሌለ ትዝ አለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያማርርባት የኖረችው መቀስ ከአሁኑ ናፈቀችው። ወንበር ስቦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና አንገቱን ደፋ።

«ዶክተር፣ የዘንድሮዬን እኮ አልወሰዱም።»

«ማሽኑ ተነቅሏል፤ ማን ይለካዋል?»

«ግድ የለም፣ ይቁረጡ።»

መቀሷ ከኪሳቸው ወጣች። ከጆሮው ኋላ፣ ጥቂት ከተረፈበት ቦታ ቆረጡና ፖስታ ውስጥ ከተው ስሙንና ቀኑን ጻፉበት። ትንሽ አሰብ አድርገው ከሥሩ አንድ ቃል ጨመሩ፦ «አይለካም»።

ሁለቱን ፖስታዎች ደርበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«በል ኮፍያህን አድርግ» አሉት፤ «ብርድ ነው።»