ቤቱ ያልተገኘው ተከሳሽ

(ፍኖተ ሰላም፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በሐምሌ ካፊያ። አያ ላቀው ሕግ ሳይማሩ ሕግ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ጎረቤታቸው ዘሩ ፌስታል ታቅፎ አጠገባቸው ቁጭ ብሏል። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ አቀናጅተው፣ በተራ ነው የሚያርሱት።)

ላቀው፦ አልገባህም ስልህ አልገባህም! እኔ አልተረታሁም፤ መዝገቡ ነው የተዘጋው።

ዘሩ፦ ማን ዘጋው?

ላቀው፦ ዳኛው ናቸዋ! «መጥሪያው ለተከሳሽ ደርሷል?» አሉኝ። «አልደረሰም» አልኩ። ዘጉት። ዛሬ ይከፈትልኝ ብዬ አመለክታለሁ።

ዘሩ፦ ለምን አልደረሰም?

ላቀው፦ ሦስት ቀን ቤቱ ሄጄ አጣሁታ!

ዘሩ፦ ምን ያለው ዘዋሪ ነው እቴ! የት ሄዶ?

ላቀው፦ እኔ ማሳ ላይ! በሬዎቹን ሲነዳልኝ!

ዘሩ፦ ውይ፣ እኔው ነኝ ለካ! ሌላ ሰው መስሎኝ ተናድጄበት ነበር። እዚያው ማሳው ላይ ለምን አልሰጡኝም?

ላቀው፦ መጥሪያ በጭቃ እጅ አይሰጥም! ደግሞስ በሥራ መሀል ባስደነግጥህ ማን ያግዘኛል?

ዘሩ፦ የቀጠሮው ዕለትስ? አብረን አልመጣንም?

ላቀው፦ መጣን።

ዘሩ፦ መጥሪያው የት ነበር?

ላቀው፦ አንተ በያዝከው ፌስታል ውስጥ፣ ከቆሎው ሥር። አሁንም እዚያው ነው።

ዘሩ፦ እኔማ ከቆሎው በቀር አልነካሁም። የሰው አደራ ነው።

ላቀው፦ ዛሬ ያመጣሁህ ለምስክርነት ነው። «ዘሩ በነዚያ ሦስት ቀናት ቤቱ አልነበረም» ብለህ ትምላለህ። የተከሳሹን መጥፋት ከተከሳሹ በላይ ማን ያውቃል?

ዘሩ፦ እውነት ነው፣ እምላለሁ። ከዚያስ?

ላቀው፦ መዝገቡ ይከፈትና እረታሃለሁ!

ዘሩ፦ እግዜር ይርዳዎ። ነገ በሬዬስ?

ላቀው፦ (ደንግጠው) በሬህማ ነገ ተራው የኔ ነው! ጤፌ ካልተዘራ ዓመቱን ምን ልበላ ነው? ክስ ሌላ፣ በሬ ሌላ!

ዘሩ፦ ይሁን። የተከሰስኩበትን እንኳ ያንብቡልኝ።

ላቀው፦ (መነጽራቸውን ሰክተው ከኪሳቸው ወረቀት እያወጡ) «ሰኔ አሥራ አራት ቀን የተከሳሽ ማሳ ሲታረስ ድንበር ታልፎ ሁለት ትልም መሬቴ ተቆርሶ ተወሰደ።» አባቴ ያወረሰኝ መሬት ነው! ያንገበግበኛል!

ዘሩ፦ ሰኔ አሥራ አራት... እሾህ ወግቶኝ እጄ ያበጠ ዕለት አይደለም?

ላቀው፦ ነው።

ዘሩ፦ ታዲያ ዕርፉን ማን ጨበጠ?

ላቀው፦ (ካፊያውን እያዩ) ...እኔ።

ዘሩ፦ «አያ ላቀው፣ ድንበሩን አለፉ!» ስልዎ ምን አሉኝ?

ላቀው፦ (ድምፃቸው ወርዶ) «እርሻ አታስተምረኝ» አልኩህ።

ዘሩ፦ ሁለቱን ትልም ነገ ጤፉን ስንዘራ እመልስልዎታለሁ። ዕርፉን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።

ላቀው፦ (ብድግ ብለው) በል ተነሥ፣ ወደ ቤታችን! መዝገቡም እንደተዘጋ ይቅር።

ዘሩ፦ ኧረ አይሆንም! ያባት መሬት ተቆርሶ ዝም ይባላል? (ቆሎውን ገፋ አድርጎ መጥሪያውን ያወጣና በሁለት እጁ ያቀርብላቸዋል) እንኩ፣ ይፈርሙ።

ላቀው፦ እኔ?

ዘሩ፦ ድንበር ያለፈው ሰው ተገኝቷላ! ኋላ ቤትዎ መጥቼ ባጣዎት፣ መዝገቡ ደግሞ ይዘጋብዎታል።